ነጭ ሕፃን ቢወለድ እናቲቱ ትወቀሳለችን?

ሰሞኑን ከቴፒ አቅራቢያ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ለዚህ ዓምድ ደርሶናል። ጸሐፊዋ የሦስት ልጆች እናት ሲሆኑ ከባለቤታቸው ጋር በቡና እርሻ የሚተዳደሩ ናቸው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አንገልጸውም። ደብዳቤው ረዘም ያለ በመሆኑ ዋናውን ክፍል ብቻ እናቀርባለን።

«ሦስተኛው ልጄ ሲወለድ አዋላጇ ዝም አለች። ሕፃኑ እንደ ወተት የነጣ፣ ፀጉሩም እንደ በቆሎ ጢም ብጫ ነበር። ብርሃን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲገልጠውም ይርገበገብበታል። እኔም ባለቤቴም ጠይሞች ነን። ሁለቱ ታላላቆቹም እንደኛው ናቸው። አማቴ ሕፃኑን አንድ ጊዜ አይተውት ወጡ፤ እስከ ዛሬ አቅፈውት አያውቁም። ጎረቤት አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው መንገድ ሲሠራ ስለ መጣ ፈረንጅ እያወራ ይሣሣቃል። ባለቤቴ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ነገር ግን ቡና ሲፈላ ከፊቴ መቀመጥ ትቷል። ሚዛን ተፈሪ የጤና ትምህርት የሚከታተል ታናሽ ወንድሜ ለዕረፍት መጥቶ ልጁን ባየ ጊዜ፣ ‹እትዬ፣ አትዘኚ፤ ለምርምር የሚረቡ ዓይናቸው የቀላ ነጭ አይጦች አሉ፤ እነርሱም ከግራጫ እናትና አባት ይወለዳሉ› አለኝ። ልጄ ከአይጥ ጋር መወዳደሩ አንጀቴን አቃጠለው። ቢሆንም ነገሩ እውነት ከሆነ ለባለቤቴ ላስረዳው እፈልጋለሁ። እንዴት አድርጌ ላስረዳው?»

ውድ እኅታችን፣ ለጥያቄዎ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። እርስዎ ጥፋት የለብዎትም። ባለቤትዎም ጥፋት የለባቸውም። ሕፃኑም እርግማን አይደለም፤ ከእናቱና ከአባቱ እኩል የወረሰው የቀለም እጥረት ነው። ይህ ሁኔታ በሕክምና ቋንቋ አልቢኒዝም ይባላል።

የወንድምዎ ንግግር ሳያስቡት ልብዎን ቢያቆስልም የተናገሩት ግን እውነት ነው። ምሳሌው የመጣው ሰውን ከአይጥ ለማስተካከል አይደለም። ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ሕግ ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለአይጥም አንድ ስለሆነ ነው። ሰው የሚወልዳቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፤ የልጅ ልጅ ለማየትም ብዙ ዓመት ይጠብቃል። አይጥ ግን በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜም ስምንትና አሥር ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ በሰው ዘንድ መቶ ዓመት የሚፈጀውን የዘር ነገር በአይጥ ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አይቶ መረዳት ይቻላል።

እኛ ዘንድ አይጥ ጎተራ የምትዘርፍ ጠላት ናት። በሌላው ዓለም ግን ለፀጉሯ ቀለም ሲሉ በቤት የሚያሳድጓት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። በጃፓን አገር በኦሳካ ከተማ ስለ ለማዳ አይጦች አያያዝ የሚያስተምር መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። በእንግሊዝ አገርም ሜሪ ዳግላስ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1901 ለማዳ አይጦች እንደ ውሻና እንደ ዶሮ በውድድር ትርኢት እንዲቀርቡ አድርገዋል። በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤትና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለመድኃኒት ምርምር ነጭ አይጦችን ያረባሉ።

ለመሆኑ ነጭዋ አይጥ ለምን ነጣች? ዓይኗስ ለምን ቀላ? በዱር የምትኖረው አይጥ ከሩቅ ስትታይ ግራጫ ትምሰል እንጂ፣ አንዲት ፀጉሯን ነቅሎ በቅርብ ያየ ሰው ጥቁርና ብጫ ቀለም በየተራ ተደርድሮባት ያገኛል። ይህን ቀለም ሜላኒን ይሉታል። የእኛንም ቆዳ ጠይም፣ ፀጉራችንን ጥቁር የሚያደርገው ይኸው ሜላኒን ነው። በዓይን ውስጥ ደግሞ ሜላኒን እንደ መጋረጃ ሆኖ የበዛ ብርሃን እንዳይገባ ይከላከላል። በነጭዋ አይጥ ሰውነት ውስጥ ቀለሙ ስለማይሠራ ፀጉሯ ይነጣል፤ ዓይኗም መጋረጃ ስለሌለው በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች ብርሃን ሲያርፍባቸው ቀልተው ይታያሉ። ቀይ ቀለም ተጨምሮባት አይደለም፤ የሚሸፍነው ስለጠፋ ነው። የአልቢኒዝም ሰዎች ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ፈካ ያለ ቡናማ ሲሆን፣ የሚቀላው በአንዳንድ ብርሃን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አንዲት ነጭ አይጥና ዘሩ ንጹሕ የሆነ አንድ ግራጫ አይጥ ቢዳቀሉ የሚወለዱት ልጆች ሁሉም ግራጫ ይሆናሉ። የነጭ ዘር የጠፋ ይመስላል። እነዚህ ግራጫ ልጆች እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ግን ከአራት አንድ ያህሉ እንደ አያታቸው ነጭ፣ ዓይናቸውም ቀይ ሆነው ይወለዳሉ። ንጣቱ በግራጫዎቹ ውስጥ ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉሲየን ኩዌኖ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1902 በትንንሽ አይጦች ላይ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላም እንግሊዛዊው ሐኪም አርኪባልድ ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1908 በሰጡት ትምህርት፣ በሰው ላይ የሚታየው አልቢኒዝም በውርስ ከሚመጡት የሰውነት ሥራ ጉድለቶች አንዱ መሆኑን አስረድተዋል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለቀለም ሥራ ሁለት ትእዛዝ ይወርሳል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። ይህ ትእዛዝ ዘረ መል ወይም ጂን ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ደኅና ከሆነ ቀለሙ ይሠራል፤ ሰውየውም ጠይም ወይም ጥቁር ሆኖ ይኖራል። ሁለቱም የተበላሹ ከሆኑ ግን ቀለም አይሠራም። እንግዲህ እርስዎና ባለቤትዎ አንድ ደኅና፣ አንድ የተበላሸ ይዛችሁ ስትኖሩ ቆይታችኋል። በመልካችሁ ላይ ስለማይታይ ልታውቁት አትችሉም ነበር። ሕፃኑ ከእርስዎ የተበላሸውን፣ ከአባቱም የተበላሸውን ወረሰ።

ስለዚህም ሰዎች የሚያሙበት የልጁ ንጣት የሐሜቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይልቁንም አባቱም የራሱን ድርሻ ካላዋጣ እንዲህ ዓይነቱ ልጅ አይወለድም። ፈረንጅም ቢሆን ቀለሙን የሚሠራው ትእዛዝ ደኅና ነው፤ ከጠይም ሴት የሚወልደው ልጅ በሁለቱ መካከል ያለ መልክ ይኖረዋል እንጂ እንደ በቆሎ ጢም የነጣ ፀጉርና የሚርገበገብ ዓይን አይኖረውም።

ለባለቤትዎ በምን ላስረዳው ላሉት፣ በቤትዎ ባለው ነገር ማሳየት ይችላሉ። ቡና ሲቆሉ አራት ፍሬ ብቻ ለይተው ያስቀምጡ፤ ሁለቱ የተቆሉ ጥቁር፣ ሁለቱ ያልተቆሉ ጥሬ ይሁኑ። ሁለት ስኒ ያቅርቡ፤ በእያንዳንዱ ስኒ አንድ የተቆላና አንድ ጥሬ ፍሬ ይጨምሩ። አንደኛው ስኒ እናት፣ ሁለተኛው አባት ነው። ከዚያም ባለቤትዎ ዓይናቸውን ጨፍነው ከየስኒው አንድ አንድ ፍሬ ያውጡ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ጥቁር ከሆነ ልጁ ጠይም ነው። ሁለቱም ጥሬ ከሆኑ ልጁ ነጭ ነው። ፍሬዎቹን ወደየስኒያቸው መልሰው ደጋግመው ያውጡ፤ የወጣውንም ይቁጠሩ። አርባ ጊዜ ቢያወጡ አሥር ያህል ጊዜ ሁለት ጥሬ ይወጣል። አንድ ጊዜ ዘጠኝ፣ ሌላ ጊዜ አሥራ ሦስት ሊሆን ይችላል፤ ዕጣ ነውና።

ከዚህ ጨዋታ ሦስት ቁም ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ከአንድ ስኒ ብቻ ነጭ ልጅ አይገኝም፤ ሁለቱም ስኒዎች ጥሬ ፍሬ መስጠት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ዕጣው በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ይወጣል። አንድ ነጭ ከተወለደ ቀጣዮቹ ሦስቱ የግድ ጠይም ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ ሁልጊዜም ከአራት አንድ ነው፤ ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። ሦስተኛ፣ ጠይም ሆነው ከሚወለዱት ልጆች መካከል ከሦስቱ ሁለቱ ያህል አንድ ጥሬ ፍሬ ደብቀው ይይዛሉ። የእርስዎም ታላላቅ ልጆች ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ ጤናቸውን ግን አይጎዳውም።

አማትዎ «በዘራችን እንዲህ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም» ቢሉ ሐሰት እየተናገሩ አይደለም። ጥሬው ፍሬ ሌላ ጥሬ ፍሬ እስኪገጥመው ድረስ ብዙ ትውልድ ተደብቆ ሊተላለፍ ይችላል። በዚህ ነገር የአሜሪካዊቷን ተመራማሪ የሔለን ዲን ኪንግን ሥራ ማስታወስ ይጠቅማል። እኒህ ሴት በፊላደልፊያ ከተማ በዊስታር ኢንስቲትዩት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ነጭ አይጦችን ወንድምና እኅት እያዳቀሉ ሃያ አምስት ትውልድና ከዚያም በላይ ያረቡ፣ ሴት ተመራማሪዎች ጥቂት በነበሩበት ዘመን ስማቸው የታወቀ ሊቅ ናቸው። ቆየት ብለውም ከዱር የተያዙ ግራጫ አይጦችን በቤተ ሙከራ ሲያረቡ፣ ግራጫ ከሆኑት መካከል በወላጆቻቸው ላይ ያልታዩ የፀጉር ቀለሞች እየወጡ ተመልክተዋል። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከመቶ በላይ የሆኑ የነጭ አይጥ ዝርያዎችን መርምረው፣ ሁሉም ያው አንድ ዓይነት የዘረ መል ብልሽት እንዳለባቸው አረጋግጠዋል። ይልቁንም የሚያስደንቀው እነዚያ ነጭ አይጦች ሁሉ በውስጣቸው የቡሬ አይጥ ዘር ይዘው መገኘታቸው ነው። ቀለም ስለሌላቸው ቡሬነታቸው አይታይም እንጂ አልጠፋም። በዓይን የሚታየው መልክ የዘርን ነገር ሁሉ አይናገርም።

በአገራችን በብዙ ቦታ ዘር ቆጥሮ የመጋባት፣ እስከ ሰባት ቤት የመራቅ ልማድ አለ። ይህ ልማድ ከዘር ዕውቀት ጋር ይስማማል። ምክንያቱም ዘመዳሞች ከአንድ አያት የመጣ አንድ ዓይነት ድብቅ ፍሬ ይዘው የመገናኘታቸው ዕድል ከባዕዳን የበለጠ ነው። ይህ ማለት ግን ነጭ ልጅ የወለዱ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይደለም። ባዕዳንም ሊገጥማቸው ይችላል።

አይጦቹ ያስተማሩን ሌላም ነገር አለ። ንጣት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛዋ አይጥ ፈጽማ ነጭ ናት። ሁለተኛዋ ግን ዓይኗ ቀይ ሆኖ ፀጉሯ ወደ ብጫነት ይወስደዋል። ሁለቱን ያበላሻቸው ዘረ መል የተለያየ ነው። ስለሆነም ሁለቱ ቢዳቀሉ አንዷ የጎደላትን ሌላዋ ስለምትሰጥ ልጆቻቸው ዓይናቸው ጥቁር፣ ፀጉራቸውም ባለ ቀለም ሆኖ ሊወለዱ ይችላሉ። በሰውም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር ሁለቱም አልቢኒዝም ያለባቸው ባልና ሚስት ቀለማቸው የተሟላ ልጆች መውለዳቸው እ.ኤ.አ. በ1952 በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። በአፍሪካ በብዛት የሚታየው ፀጉርን ብጫ የሚያደርገው ሁለተኛው ዓይነት ነው። የልጅዎ ፀጉር ወደዚህኛው ይመራል፤ ሆኖም በደብዳቤ ምርመራ ስለማይደረግ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ልጅዎ አድጎ ቢያገባ፣ የትዳር ጓደኛው ያንኑ ድብቅ ፍሬ ካልያዘች በቀር ልጆቹ ሁሉ ባለ ቀለም ይሆናሉ።

እናቶች ሆይ፣ አልቢኒዝም ለምጽ አይደለም። ለምጽ ባለ ቀለም ሆኖ በተወለደ ሰው ላይ በኋላ እየነጣ የሚመጣ ነው። ሥጋ ደዌም አይደለም። በመንካት፣ በማቀፍ፣ በአንድ ማዕድ በመብላት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። አማትዎ ሕፃኑን ቢያቅፉት የሚደርስባቸው ነገር የለም።

በልጁ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ፀሐይ ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። መከላከያ ቀለም የሌለው ቆዳ በየቀኑ እየተቃጠለ ሲሄድ በወጣትነት ዕድሜ እንኳ የቆዳ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። ይህንን ግን ከሕፃንነት ጀምሮ መከላከል ይቻላል። የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራለን።

ወደ እርሻ አዝለውት ሲወጡ ራሱንና ፊቱን በነጠላ ወይም በጃንጥላ ይጋርዱ። ገና ከስድስት ወር በታች ከሆነ ከቅባት ይልቅ ጥላና ልብስ ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቢገኝ መልካም ነው፤ ቅቤና ቫዝሊን ግን ቆዳን ያለሰልሱ እንጂ ፀሐይን አይመልሱም። ከፍ ሲል እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪና ክፈፉ ሰፊ ባርኔጣ ይልበስ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ በተቻለ መጠን ጥላ ሥር ይዋል። በእናንተ አካባቢ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ደመናማ ቢሆንም ጎጂው ጨረር በደመና ውስጥ ያልፋልና አትዘናጉ።

እናንተ ቡና አምራቾች ስለ ጥላ ነጋሪ አያስፈልጋችሁም። የቡናን ችግኝ ፀሐይ እንዳይጎዳው በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ሥር የምታሳድጉ ናችሁ። ይህ ልጅም እንዲሁ ጥላ ይፈልጋል። አድጎ ሥራ ሲጀምር በዛፍ ሥር የሚሠራውን ለቀማ፣ በቤት ውስጥ የሚሠራውን መልቀምና ማበጠር ይስጡት። ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ቆሞ እንዲያገላብጥ አይላኩት። በቆዳው ላይ የማይድን ቁስል፣ አዲስ እብጠት ወይም የሚደማ ነገር ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ከበድ ያለ ከሆነ በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ስለ ዓይኑም እንንገርዎ። ቀለም ሲጎድል የዓይን የውስጥ ክፍል በማኅፀን ሳለ በደንብ አይደራጅም፤ የዓይኑ መርገብገብና የእይታው መድከም ከዚህ የሚመጣ ነው። መነጽር ይረዳዋል እንጂ ፈጽሞ አያስተካክለውም። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ ዕውር አይደለም፤ አእምሮውም እንደማንኛውም ልጅ ነው። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ከመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ፊቱን ከመስኮት አዙሮ ይቀመጥ። መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቢያነብ መምህሩ አይቆጡት፤ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ጓደኛው ያንብብለት። ብዙዎቹ ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡት ሰሌዳው ስለማይታያቸውና ጓደኞቻቸው ስለሚሳለቁባቸው ነው እንጂ ሰነፎች ሆነው አይደለም። የዓይን ምርመራ ከትምህርት ዕድሜ በፊት ቢደረግለት ይመረጣል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሰኔ 6 ቀን የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። ነገር ግን ይህ ጉዳይ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ መምህራን በክፍላቸው፣ የሃይማኖት አባቶችም በምእመናን ፊት ይህን ዕውቀት ቢያስተላልፉ ብዙ እናቶች ከሐሰት ክስ፣ ብዙ ሕፃናትም ከመደበቅ ይድናሉ። ሕፃን በኀፍረት ምክንያት ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ማደግ የለበትም፤ ፀሐይን እንጂ ሰውን አይሽሽ።

ለአባትየውም አንድ ቃል አለን። ወንድማችን፣ ክፉ ቃል ባለመናገርዎ እናመሰግንዎታለን፤ ነገር ግን ዝምታዎ ለሚስትዎ ከሐሜቱ የበለጠ ይከብዳል። ጎረቤት የሚለውን ዝም ሊያሰኝ የሚችለው የእርስዎ ቃል ነው። ልጁን አቅፈው ወደ ደጅ ሲወጡና «ልጄ ነው» ሲሉ ያዩ ሰዎች ሌላ የሚጠይቁት አይኖርም።

እኅታችን፣ በሚቀጥለው እሑድ ቡና ያፍሉ፤ አማትዎንም ይጥሩ። ከአቦሉ በፊት ሁለቱን ስኒ አቅርበው ፍሬውን እሳቸው ራሳቸው እንዲያወጡ ያድርጉ። የልጅ ልጃቸው ነጭ የሆነው አንዱ ፍሬ ከእርስዎ ስኒ፣ አንዱም ከልጃቸው ስኒ ስለወጣ መሆኑን በገዛ እጃቸው ያያሉ። ከዚያም ሕፃኑን ያቅፏቸው። የሆነውን ለዚህ ዓምድ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።